በኬክ ሣጥን ሳን ሆዜ የሄደችው ንግሥት

«ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር» የሚለውን ተረት ያወጣው ሰው እናቴን ሳያማክር የቀረ አይመስለኝም። እናቴ ደግሞ ተረቱን ሳትቀንስ ለእኔ አወረሰችኝ። ምድጃ ማጥፋቴን ለማረጋገጥ ከአውቶቡስ ወርጄ የተመለስኩባቸው ቀኖች፣ ሥራ በሰዓቱ ከደረስኩባቸው ቀኖች ይበልጣሉ። ኦክላንድ ስንኖር ልጄ ቤዛ መንገድ የምትሻገረው መብራቱ ሲፈቅድላት አልነበረም፤ እኔ ስፈቅድላት ነበር። መብራቱን የሠራው ሰው ነው፤ ሰው ደግሞ ይሳሳታል።

እንዲህ ያለች ሴት ልጇ ቼዝ ተጫዋች ስትሆንባት ምን እንደሚደርስባት ልንገራችሁ።

ጊዜው በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ውስጥ ነው፤ ኮምፒውተር ገና በየቤቱ ያልገባበት። ቤዛ አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። ትምህርት ቤቷ ከክፍል በኋላ ብዙ ክለቦች ነበሩት። ቼዝ ክለብ ያስገባኋት ቼዝ ምን እንደሆነ አውቄ አልነበረም። ከነበሩት ሁሉ ልጅ ወድቆ የማይሰበርበት እሱ ብቻ ስለሆነ ነው። ቅርጫት ኳስ ጣት ያጣምማል፣ ዋና ያሰምጣል፣ የምግብ ክለቡ ቢላዋ አለው። ቼዝ ግን ቁጭ ብሎ እንጨት መግፋት ነው። እንጨት መግፋት ልብ እንደሚሰብር ማንም አልነገረኝም።

እኔ ትምህርቴን ያቆምኩት ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው። የቼዙን ሕግ ያስተማረችኝ ራሷ ቤዛ ናት፤ ከእንጨቶቹ ሁሉ ቶሎ የገባችኝ ደግሞ ንግሥቲቱ ነበረች። ንጉሡ አንድ አንድ እርምጃ እየተጎተተ ሰው ይጠብቀዋል፤ እሷ ግን ከጥግ ጥግ እየሮጠች ቤቱን ታስተዳድራለች። እንደዚህ ያለ ቤት አይቼ ስለማውቅ ለመረዳት አልከበደኝም። ሌሎች እናቶች ልጃቸው ጠዋት ስትወጣ «ጃኬትሽን!» ይላሉ። እኔ «ጃኬትሽን! ንግሥትሽን!» እል ነበር።

የሆነው የሆነው አንድ ቅዳሜ፣ በትምህርት ቤቱ ምግብ አዳራሽ በተደረገ ውድድር ላይ ነው። ወላጆች ከገመድ ጀርባ እንቆማለን። ቀይ ክራቫት ያሰረ ረጅም ዳኛ በጠረጴዛዎቹ መካከል በጣቶቹ ጫፍ ይራመዳል። ዝምታው ለቅሶ ቤት እንኳ የማይገኝ ዝምታ ነበር። ቤዛ የመጨረሻ ጨዋታዋ ላይ ናት፤ ካሸነፈች ዋንጫው የእሷ ነው። አገጯን በእጇ ደግፋ ብዙ አሰበች። ከዚያ ንግሥቲቱን አነሳቻትና ልታስቀምጣት ወደ አንድ የቦርዱ ቤት ወሰደቻት። ቤቱን አየሁት። ወታደር ሊበላት የሚችልበት ቤት ነው። ግንብ ቢሆን፣ ፈረስ ቢሆን ምናለ! ተራ ወታደር!

«ወይኔ ልጄን!»

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። አዳራሽ ሙሉ ልጅ ቀና አለ። አንዱ ሕፃን ደንግጦ ማልቀስ ጀመረ። የቤዛ እጅ አየር ላይ ቀረ። በቼዝ ሕግ የነኩትን እንጨት ማንቀሳቀስ ግዴታ ነው፤ ከእጅ እስካልለቀቁት ድረስ ግን የት እንደሚያስቀምጡት ሐሳብ መቀየር ይቻላል። ዞር ብላ ፊቴን አየችው። ፊቴ ምን እንደሚል አላውቅም፤ ምድጃ በርቶ የቀረ ጊዜ የማሳየውን ፊት ሳታይ አልቀረችም። ንግሥቲቱን መለሰችና ጥግ ላይ፣ ማንም የማይደርስባት ቦታ አስቀመጠቻት።

ዳኛው ክርኔን ይዞ ወደ ውጭ ሸኘኝ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ቤዛ ተሸንፋ ወጣች። ንግሥቲቱ እስከ መጨረሻው በሕይወት ነበረች። የሞተው ንጉሡ ነው።

መኪና ውስጥ ገብተን ብዙ ከሄድን በኋላ፣ ዓይኗን ከመስኮቱ ሳትነቅል ተናገረች።

«ማሚ፣ ዊኒንግ ነበር።»

«ምኑ?»

«ኩዊኗን ብሰጠው። እሱ ሲበላት ኪንጉ ጋ በር ይከፈታል። ሰባት ሙቭ ነው። አይቼዋለሁ እኮ!»

«ካየሽው ታዲያ ለምን ተውሽው?»

ሁለት መብራት አለፍን።

«አንቺን ስላየሁ» አለችኝ።

ቤት ስንደርስ ቦርዷን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ እንጨቶቹን ልክ በዚያች ደቂቃ እንደነበሩ ደረደረቻቸው። ቆማ አየቻቸው። «በቃ፣ አልጫወትም። የሚመጣውን ወር ውድድር ካንሰል አድርጊልኝ» ብላኝ ክፍሏ ገባች።

እዚህ ላይ ጥሩ እናት በሩን አንኳኩታ ይቅርታ ትጠይቃለች። እኔ ማስረጃ ፍለጋ ወጣሁ። ነገሩን እንዲህ አሰብኩት፦ ንግሥቲቱን መስጠቷ ስሕተት ከነበረ ጩኸቴ አድኗታል፤ ብትቀየመኝም ትረሳዋለች። ስሕተት ካልነበረ ግን ልጄን ከገዛ ዓይኗ ይልቅ የእኔን ድንጋጤ እንድታምን ያሳደግኋት እኔ ነኝ ማለት ነው። ይህን ሁለተኛውን ማሰብ ስላልፈለግሁ ቦርዱን በሁለት እጄ ተሸክሜ፣ ደረጃውን በጎን በጎን እየወረድኩ፣ ጋሽ በላይ ቤት ሄድኩ።

ጋሽ በላይ ከእኛ ፎቅ በታች የሚኖሩ ጡረተኛ ናቸው። ቼዝ የሚጫወት ማሽን ነበራቸው፤ ራሱ እንደ ቦርድ የተሠራ፣ መሄድ ሲፈልግ ከየቤቱ ጥግ ትንንሽ ቀይ መብራት የሚያበራ።

«ምነው በወረቀት ጽፈሽው አትመጪም ነበር?» አሉኝ፣ በሩን በእግሬ ሳንኳኳ ሰምተው።

«ጋሽዬ፣ እኔ አላሜዳ አረጋውያን መጦሪያ ነው የምሠራው። በሽተኛው ራሱ ሳይቀርብ በወረቀት ብቻ የታከመ ሲድን አላየሁም።»

እንጨቶቹን አንድ በአንድ ማሽናቸው ላይ አስቀመጡና አንድ ቁልፍ ተጫኑ። ዓይኔን ሳልጨፍን መብራቱ በራ። ንግሥቲቱን ወደ ጥግ አሽሿት ይላል! ቤዛ በእኔ ጩኸት የሄደችበት ያው ቤት!

«እግዚአብሔር ይባርክህ!» አልኩት። ማሽኑን ነው።

«ኧረ አንቺ ልጅ» አሉኝ ጋሽ በላይ፣ «ይሄ እኮ እኔን እንኳ የማያሸንፍ ነው። ሁለት ሦስት እርምጃ ያያል፣ ከዚያ ዓይኑ ይደክመዋል። ዕድሜው ነው።»

«ትንሽ ራቅ አድርጎ እንዲያይ አይደረግም?»

«ይደረጋል። ደረጃውን ከፍ ካደረግሁት ግን እስከ ሐሙስ ያስባል።»

«ይተዉት፣ አያስቸግሩት» አልኳቸው በጥድፊያ። የተስማማልኝን ምስክር ለምን አደክመዋለሁ?

ለቤዛ በሩ ላይ ቆሜ አበሰርኳት። ከመጽሐፏ ቀና እንኳ አላለችም። «እሱ እንዳንቺ ነው ማሚ። ኩዊኗ ስትበላ ያይና ይደነግጣል። ከዚያ በኋላ ያለውን አያይም።»

ማሽን ሲሰድቡት ለካ ያማል።

ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል ባንዱ ተንጠልጠል። ሁለተኛው ባላዬ ሳን ሆዜ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ዳዊት ነው፤ ማውንቴን ቪው ከኮምፒውተር ጋር የሚውልበት ቢሮ አለው። ደወልኩለት።

«እቴቴ፣ ዕድለኛ ነሽ፤ እኔ ጋ ሁለት የቼዝ ፕሮግራም አለ። አንዱ አሮጌ ነው፣ አንዱ ዘንድሮ የወጣ። ሁለቱንም እንጠይቃቸዋለን። በይ ፖዚሽኑን በስልክ ንገሪኝ።»

«በስልክማ አይሆንም። ነገ ከቸርች በኋላ ይዤው እመጣለሁ።»

«ምኑን?»

«ቦርዱን ነዋ።»

ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ሁለት ጊዜ «ሄሎ» አልኩ።

ሰው እንጨት ይዞ ሰባ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲጓዝ መጠንቀቅ አለበት። ከሥራ ቦርሳዬ የቁስል ፕላስተር አወጣሁና የእያንዳንዱን እንጨት እግር ከቆመበት ቤት ጋር አጣበቅሁት። ስጨርስ ቦርዱ ጦር ሜዳ መሆኑ ቀርቶ የጦር ሜዳ ሆስፒታል መሰለ። ከዚያ ኤመሪቪል ገዝተን ያመጣነው የልደት ኬክ ሣጥን ውስጥ አስገባሁት። ልኩ ሆነ። ክዳኑም ስስ ላስቲክ ስለሆነ በሽተኞቹን እያየሁ መሄድ እችላለሁ።

እሁድ ቸርች ውስጥ ሣጥኑን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ፤ መኪና ውስጥ ፀሐይ ይመታዋል ብዬ። ከኋላዬ የተቀመጠች እህት ትከሻዬን ነካ አደረገችኝ።

«የማን ልደት ነው?»

«ልደት አይደለም እህቴ፣ ልናስመረምረው ነው።»

እጇን ጭና ልትጸልይለት ምንም አልቀራት።

ከዚያ ጉዞ ጀመርን። ባለቤቴ ይነዳል፤ ቤዛ ከኋላ ማዳመጫዋን ጆሮዋ ላይ ሰክታ ከሁላችንም ተለይታለች። ሄይዋርድ አካባቢ ከፊታችን ያለ የጭነት መኪና ድንገት ፍሬን ያዘ፤ ባለቤቴም ያዘ። እኔ ሣጥኑን ላድን በደረቴ ተደፋሁበት። ክርኔ ክዳኑን ሰብሮ ገባ። እንዲህ ነው የእኔ ማዳን።

ሁሉም በቦታቸው አሉ፤ አንድ ጥቁር ወታደር ብቻ ከነፕላስተሩ ተነቅሎ እግሬ ሥር ወድቋል።

«ምን ወደቀ?» አለ ባለቤቴ።

«ምንም። መንገድህን እይ።»

ወታደሩን አነሳሁት። ከጥቁሩ ንጉሥ ፊት እንደነበር አስታውሳለሁ። ግን እፊቱ ነው ወይስ አንድ ቤት ራቅ ብሎ? በመስተዋት ቤዛን አየኋት፤ ዓይኗን ጨፍናለች። ልጠይቃት አሰብኩና ፈራሁ። ስለዚህ በደንብ አሰብኩበት። ወታደር ሆኖ ንጉሥ አፍንጫ ሥር የሚቆም ማን አለ? ነውር አይደለም እንዴ? ወግ የሚያውቅ ወታደር ትንሽ ፈቀቅ ይላል። ፈቀቅ አድርጌ አንድ ቤት ወደፊት አቆምኩትና ፕላስተሩን በአውራ ጣቴ ጫን አልኩበት።

ዳዊት ቤት ምሳ በላን። ከዚያ እሱና እኔ ኮምፒውተሩ ያለበት ክፍል ገባን፤ ቤዛ ሳሎን ሶፋ ላይ ጀርባዋን ሰጥታን ቀረች። ኮምፒውተሩ እንደ እርጉዝ ሴት ሆዱ ወደ ኋላ የተገፋ ነበር። ዳዊት ሣጥኑን ከፍቶ ብዙ አየ።

«እቴቴ፣ እነዚህ ሰዎች ምን ሆነው ነው?»

«ሥራህን ሥራ።»

እያየ እያንዳንዱን እንጨት ስክሪኑ ላይ አስቀመጠ። ከዚያ አስረዳኝ፦ ከታች የሚወጣው ቁጥር ፕላስ ካለው ለቤዛ ጥሩ ነው፣ ማይነስ ካለው መጥፎ። አሮጌውን ፕሮግራም ንግሥቲቱን ብንሰጥስ ብሎ ጠየቀው። ወዲያው ማይነስ! አዲሱንም ጠየቀው። ማይነስ!

«በቃ፣ ዝጋው» አልኩት ልሄድ ብድግ ብዬ።

«ተይው እንጂ፣ እያሰበ ነው።»

ሻይ ጠጣን። አዲሱም ፕሮግራም አሰበ፣ አሰበና እዚያው ማይነሱ ላይ ቆየ። ዳዊት ትከሻውን ሰበቀ። «አይሠራም። ተስማምተዋል።»

ሦስት ምስክር! ነገር በሁለት ወይም በሦስት ምስክር ይጸናል ተብሏል። ዘወር ስል ቤዛ በሩ ላይ ቆማለች።

«ሦስቱም?» አለች።

«ሦስቱም» አላት ዳዊት።

ወደ ስክሪኑ አልመጣችም። እዚያው በሩን ተደግፋ እግሯን አየች።

«እሺ ማሚ። አንቺ ነሽ ልክ። ከእንግዲህ ዝም ብዬ አንቺን እሰማለሁ።»

ልጄ ስትናደድም ስትስቅም አማርኛዋ ውስጥ እንግሊዝኛ እንደ በርበሬ ይበተናል። በዚህኛው ውስጥ ከ«ማሚ» በቀር አንድም አልነበረም። እንዲህ ያለ ንጹሕ አማርኛ ከአፏ ስሰማ መደሰት ነበረብኝ፤ የፈለግሁትም ይህንኑ ነበር። ከልጅነቷ ጀምሬ «ዝም ብለሽ ስሚኝ» ያላልኩበት ቀን የለም። አሁን ልትሰማኝ ነው። ሠላሳ ዓመት ሲሞላት መንገድ ዳር ቆማ፣ አረንጓዴው በርቶ፣ ሰው ሁሉ ሲሻገር፣ እኔ እስክፈቅድላት ስትጠብቅ ታየኝ። እኔ ደግሞ ያኔ ልኖርም ላልኖርም እችላለሁ።

ያን ወታደር የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ዝም ብል ማንም አይጠይቀኝም።

«ቆይ» አልኩ። «አንድ ወታደር መንገድ ላይ ወድቆብኝ ነበር።»

«እ?» አለ ዳዊት።

«መልሼዋለሁ። ግን… ከንጉሡ ትንሽ ፈቀቅ አድርጌ ነው የመለስኩት። ለአክብሮት።»

ዳዊት ፊቱን በእጁ ሸፈነ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ቤዛ ግን አልሳቀችም። ከጂንስ ሱሪዋ ኪስ አራት ላይ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። ጨዋታውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ እያንዳንዱን እርምጃ፣ በገዛ እጇ የጻፈችበት ወረቀት።

«ይሄ የት ነበረ?»

«ኪሴ ውስጥ።»

«ከትናንት ጀምሮ?»

«የስ።»

«እኔ ይሄን ሁሉ አገር በኬክ ሣጥን ስዞር? ለምን አልነገርሽኝም?»

«ማሽኖቹን ነው እንጂ እኔን መች ጠየቅሽኝ?»

ወረቀቱን ከእጇ ወስጄ ለዳዊት ሰጠሁት።

ቤዛና ዳዊት ወረቀቱን ከቦርዱ ጋር አስተያዩት። ወታደሩ እውነትም ንጉሡ አፍንጫ ሥር ነበር የቆመው፤ በቼዝ ወግ የሚባል ነገር የለም። እኔ በጨዋነት ፈቀቅ ሳደርገው ለንጉሡ የጓሮ በር ከፍቼለት ኖሯል፤ ፕሮግራሞቹ በዚያ ሲያመልጥ አይተው ነው አይሠራም ያሉት። «ማሚ፣ ጠላቴን ያዳንሽው አንቺ ነሽ» አለችኝ፤ አሁን ግን የአፏ ጥግ ትንሽ ከፍ ብሏል።

ዳዊት ወታደሩን ወደ ቦታው መለሰውና እንደገና ጠየቀ። አሮጌው፣ ወዲያው ማይነስ። እዚያው ቀረ። አዲሱም፣ ወዲያው ማይነስ። ልቤ ምን እንደፈለገ አሁን ራሴ አላወቅሁም። ቤዛ የወንበሬ እጀታ ላይ መጥታ ተቀመጠች። ሦስታችንም ያችን ቁጥር እናያለን። ማይነስ። ማይነስ። ሩዝ የሚበስልበትን ያህል ጊዜ አለፈ። እጄ ተነሥቶ ኮምፒውተሩን ሊያጠፋ ሲል ዳዊት ሳያየኝ «እያሰበ ነው» አለ።

ድንገት ቁጥሩ ጠፋ። በምትኩ አጭር ጽሑፍ ወጣ። ዳዊት አነበበው፦ በሰባት እርምጃ ጥቁሩ ንጉሥ ይሞታል።

ቤዛ አልጮኸችም። «አየሽ» አለች፣ በቀስታ።

«ምነው ታዲያ አሮጌው ይሄን ያላየው?» አልኩት ዳዊትን። ለአሮጌው አዝኜለት ነው።

«አሮጌው ጊዜ ለመቆጠብ ንግሥት የጠፋችበትን መንገድ ‹ይሄ አይረባም› ብሎ ይዘጋዋል፣ ወደዚያ ተመልሶ አይሄድም። አዲሱ ደግሞ ንጉሡ ቼክ እየተባለ፣ ማለቴ እየተሳደደ፣ እስካለ ድረስ አይቆምም። የት እንደሚደርስ እስኪያይ ይከተለዋል።»

ስለዚህ ነገር ሳን ሆዜ ሆኜም ኦክላንድ ተመልሼም ብዙ አስቤበታለሁ። የጋሽ በላይ ማሽን ዓይኑ ይደክመዋል፤ ይህ የማንም ጥፋት አይደለም። አሮጌው ፕሮግራም በር ይዘጋል፤ እሱን በደንብ አውቀዋለሁ፣ ከእሱ ጋር ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ያስገረመኝ አዲሱ ነው። እሱም መጀመሪያ ልክ እንደ እኔ ነው የደነገጠው። ያው ማይነስ፣ ያው «ወይኔ ልጄን»። ግን ደንግጦ እዚያው ቆየ፤ አልጮኸም፣ ዓይኑንም አላነሣም።

ከዚያ ጠየቅኋት። «እስቲ ሰባቱን አንቺ አሳዪኝ።»

ፕላስተሮቹን አንድ በአንድ ነቀለችና በኬክ ሣጥኑ ውስጥ እንዳለ አሳየችኝ። ንግሥቲቱ ተበላች፤ ጥርሴን ነከስኩ። ግንቡ መጣ፣ ፈረሱ ዘለለ።

«ከሦስተኛው በኋላ አልታየኝም» አልኳት።

«ኢትስ ኦኬ፣ እኔ አያለሁ።»

የሚመጣው ወር ውድድር አልተሰረዘም። እንደ እኔ መጨረሻውን ሳያውቅ ማንበብ የሚያስጨንቀው ሰው ይኖራልና አስቀድሜ ልንገራችሁ፦ እዚያም አንድ ጨዋታ ላይ ንግሥቷን ሰጠች፣ ስሌቷ በአንድ እርምጃ ጎደለ፣ ተሸነፈች። ወጥታ «አንድ ሙቭ ሚስ አደረግሁ» እያለች እየሳቀች በርገር በላች፤ በሳምንቱም ክለቧ ሄደች።

ልነግራችሁ የፈለግሁት ግን ከዚያ በፊት ያለችውን ደቂቃ ነው። ያው ዝምታ፣ ያው ገመድ፣ ያው ባለ ቀይ ክራቫት ዳኛ፤ ገና ስገባ አውቆኛል። ቤዛ ንግሥቲቱን አነሳቻት። ወዴት እንደምትወስዳት አየሁ። እጄ ቦርሳዬ ውስጥ ገባ፤ ያ ፕላስተር ነበረ፤ ከጉንጭ እስከ ጉንጭ አፌ ላይ ለጠፍኩት። ልክ በዚያች ሰዓት ዞር ብላ አየችኝ። ብዙ አየችኝ። ከዚያ ዞረችና ንግሥቲቱን እዚያው አስቀምጣ እጇን አነሳች።

ዳኛው በጣቶቹ ጫፍ እየተራመደ ወደ እኔ መጣ። ጎንበስ ብሎ «እመቤት፣ ተጎድተሻል?» አለኝ። ልመልስለት ብል አፌ ታሽጓል፤ ልንቀለው ብል ቆዳዬ አብሮ ሊነሣ ነው።

ቤዛ ከቦርዷ ቀና ሳትል በሹክሹክታ መለሰችለት።

«ደህና ናት፤ እያሰበች ነው።»